የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብትና ዘላቂ አጠቃቀሙ

የጣና ሐይቅ በኢትዮጵያ ካሉ ሐይቆች ሁሉ በስፋቱ ቀዳሚው ነው። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ሲያሰግርበት፣ በደንገል ታንኳ ሲመላለስበትና ከብቱን ሲያጠጣበት ኖሯል። ባለፉት አራት አሥርት ዓመታት ግን የዓሣ ማስገሩ ሥራ ከዕለት ጉርስ ፍለጋ ወጥቶ ወደ ንግድ ተሸጋግሯል፤ በዚሁ ዘመንም ከሐይቁ ዋና ዋና የዓሣ ወገኖች አንዱ፣ በአካባቢው «ነጭ ዓሣ» የሚባለው፣ በእጅጉ ተመናምኗል።

ይህ ጽሑፍ የጣናን የዓሣ ሀብት ምንነት፣ የንግድ ማስገርን አመጣጥ፣ የምርቱን መቀነስ ምክንያቶችና ሀብቱን በዘላቂነት ለመጠቀም የሚያስፈልጉትን እርምጃዎች ያብራራል። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር የነጭ ዓሣ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በክረምት ወራት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ወንዞች ወደ ሐይቁ በሚገቡባቸው ጠባብ ቦታዎች መሆኑ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ጥበቃ ከአስጋሪው ጋር በወንዞቹ ራስጌ የሚያርሰውን ገበሬና በከተማ ዓሣ የሚገዛውን ተመጋቢ ጭምር ይመለከታል።

ሐይቁና ገባር ወንዞቹ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ እንደ ወቅቱ ሁኔታ ከ3,000 እስከ 3,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከስፋቱ አንጻር ሲታይ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ ነፋስ ውኃውን እስከ ወለሉ ድረስ ያናውጠዋል፤ ከተፋሰሱ የሚመጣው ደለልም በሐይቁ ሕይወት ላይ የሚያሳድረው ጫና ከባድ ይሆናል።

የሐይቁ ተፋሰስ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ከገባር ወንዞቹ ትልቁ ከጎጃም ደጋ፣ ከሰከላ ወረዳ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ በደቡብ በኩል ወደ ሐይቁ የሚገባው ግልገል ዓባይ ነው። በምሥራቅ ጉማራና ርብ፣ በሰሜን መገጭ ከዋና ዋናዎቹ ገባሮች ይቆጠራሉ። ከሐይቁ የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በባሕር ዳር በኩል የሚፈሰው ዓባይ ነው።

ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ በታችኛው ዓባይ የሚኖሩ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው ጣና እንዳይገቡ የተፈጥሮ ግድግዳ ሆኗል። በዚህም የተነሣ የጣና ዓሦች ከሌላው የዓባይ ተፋሰስ ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ኖረዋል፤ በሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎችም ከመካከላቸው ወጥተዋል።

የጣና ዓሦች

በጣና 28 ያህል የዓሣ ዝርያዎች የሚገኙ ሲሆን ወደ 20 የሚጠጉት በዚህ ሐይቅና በገባሮቹ ብቻ የተወሰኑ ናቸው። ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋና ወገኖች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ቆሮሶ ነው። ይህ ዓሣ በሌሎች የኢትዮጵያ ሐይቆችም በብዛት የሚገኝ ሲሆን በዳርቻ፣ ጥልቀት በሌለውና ሣርና ደንገል በበዛበት ውኃ ይራባል። እናቲቱ ዕንቁላሉንና አዲስ የተፈለፈሉትን ጫጩቶች በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ቆሮሶ ቶሎ የሚያድግና በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊራባ የሚችል በመሆኑ የማስገር ጫናን ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል።

ሁለተኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የሌለው፣ ጢማምና ጠንካራ ዓሣ ነው። ከአየር ጭምር መተንፈስ ስለሚችል ኦክስጂን ባነሰበት ረግረግ ውኃ ይቆያል። ዝናብ ሲመጣና ወንዞች ሲሞሉ ውኃ ወደሚተኛባቸው ሜዳዎች ወጥቶ ይራባል።

ሦስተኛው በአካባቢው «ነጭ ዓሣ» የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቢዮባርበስ የተሰኘው ወገን ነው። ተመራማሪዎች በጣና 17 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎችን ለይተው ገልጸዋል። ከእነዚህ መካከል የተወሰኑት ከወለል ላይ ቀንድ አውጣና ነፍሳትን ሲለቅሙ፣ ሌሎቹ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ወይም ዕፅዋትን ይመገባሉ። ስምንቱ ደግሞ ሌሎች ዓሦችን አድነው የሚበሉ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ በመሆኑም ከአንድ ወገን ይህን ያህል አዳኝ ዝርያ መውጣቱ በሥነ ፍጥረት ተመራማሪዎች ዘንድ እንደ ብርቅ የሚታይ ነው።

ይህ የዝርያዎች ስብስብ ለዓለም ያለው ዋጋ የሚገባው በፊሊፒንስ የሚገኘው የላናዎ ሐይቅ ታሪክ ሲታወስ ነው። በላናዎም ተመሳሳይ የአንድ ቤተሰብ ልዩ ልዩ ዓሦች ነበሩ፤ ሆኖም ከውጭ የገቡ ባዕድ ዓሦችና ከልክ ያለፈ ማስገር አጥፍተዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ሳይበተን የቀረው የዚህ ዓይነት ስብስብ የጣናው ብቻ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። የጣና ሐይቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ከታሳቢ ጉዳዮች አንዱ ይኸው የብዝኃ ሕይወት ሀብት ነበር።

ከደንገል ታንኳ እስከ ሞተር ጀልባ

በጣና የማስገር ሥራ ለረጅም ዘመን የተከናወነው ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነው። ታንኳን በመሥራትና በሐይቁ ላይ በመኖር የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት፣ እንዲሁም በዳርቻው የሚኖሩ ገበሬዎች ዓሣ አስግረው ለቤታቸው ፍጆታና ለአቅራቢያ ገበያ ያውሉ ነበር። ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድና ማዕበል ስለማይችል ከዳርቻ ብዙም አይርቅም። በመሆኑም የአስጋሪው አቅም በራሱ ለሐይቁ ጥበቃ ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1986 ተለወጠ። በዚያ ዓመት የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና ከኔዘርላንድ የመጡ ድርጅቶች በትብብር የጀመሩት የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባዎችንና የናይለን መረቦችን አስተዋወቀ። ዓላማው በድርቅና በድህነት ለተጎዱ ቤተሰቦች የገቢ ምንጭ መክፈትና ለከተሞች የፕሮቲን ምግብ ማቅረብ ነበር።

ውጤቱም በፍጥነት ታየ። እ.ኤ.አ. በ1987 39 ቶን የነበረው የንግድ ዓሣ ምርት በ1997 ወደ 360 ቶን አድጓል። በባሕር ዳርና በአካባቢው የአስጋሪዎች ማኅበራት ተደራጁ፤ ዓሣ የሚገፍፉ፣ የሚያደርቁ፣ የሚያጓጉዙና የሚሸጡ ብዙ ሰዎች ኑሯቸውን በዚሁ ላይ መሠረቱ። ከጊዜ በኋላም የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገበያ መውጣት ጀመረ። ዓሣ ማስገር ብዙ የማይታረስ መሬት ላላቸው ወጣቶችና ለሴት ነጋዴዎች ያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ስለ ጥበቃ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ እውነታ መነሣት ይኖርበታል፤ ሀብቱ ቢጠፋ በመጀመሪያ የሚጎዱት እነዚሁ ወገኖች ናቸውና።

የነጭ ዓሣ መመናመን

የምርቱ ጠቅላላ መጠን ባደገበት ጊዜ በውስጡ ያለው የዝርያዎች ድርሻ ይለወጥ ነበር። የሞተር ጀልባ አስጋሪዎች በአንድ ጉዞ ያገኙት የነበረው ነጭ ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 በአማካይ 63 ኪሎ ግራም ነበር። በ2001 ይህ መጠን ወደ 28 ኪሎ ግራም፣ በ2010 ደግሞ ወደ 6 ኪሎ ግራም ወርዷል። ከአስጋሪዎች መረብ ውጭ በተመራማሪዎች የተካሄደው የናሙና ጥናትም በ1990ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። በይበልጥ አሳሳቢ የሆነው የወጣት ዓሦች ቁጥር ከትልልቆቹም በባሰ ሁኔታ መውረዱ ነው። ወጣቶቹ ሲመናመኑ ተተኪ ትውልድ እየታጣ መሆኑን ያመለክታል።

የመመናመኑን ምክንያት ለመረዳት የነጭ ዓሣን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚህ ዓሦች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉና ለመራባት ብዙ ዓመት የሚፈጅባቸው ናቸው። ከዝርያዎቹ ገሚሱ ገደማ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ገባር ወንዞች ይጓዛሉ። በመጀመሪያ በወንዞቹ መግቢያ ይሰበሰባሉ፤ ጎርፉ ሲመች ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ፣ ፈጣንና ኦክስጂን የበዛበት ውኃ በሚፈስባቸው ትንንሽ ጅረቶች ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ቆየት ብለው ከወንዙ ጋር ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ።

በሰፊው ሐይቅ ላይ ተበትነው የሚኖሩ ዓሦች በዚህ ወቅት አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይከማቻሉ። ለአስጋሪው ይህ ትልቅ ዕድል ይመስላል፤ በጥቂት ሰዓት ብዙ ኪሎ ግራም ዓሣ ይገኛልና። ሆኖም በዚያን ጊዜ የሚያዘው እያንዳንዱ ዓሣ ከብዙ ዓመታት ዕድገት በኋላ ለመራባት የደረሰና ዕንቁላል የተሸከመ ነው። በወንዝ መግቢያ የሚዘረጋ መረብ ያንኑ ዓሣ ከነልጆቹ ያወጣል። በሌላ ወቅት፣ በሰፊው ውኃ ላይ ከሚያዘው ተመሳሳይ መጠን ያለው ዓሣ ይልቅ የዚህኛው ጉዳት እጅግ የበዛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በወንዞቹ ራስጌም ሌላ አደጋ አለ። በአንዳንድ አካባቢዎች የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ ቆይቷል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ለመራባት የወጣውን ዓሣ፣ ጫጩቱንና ዓሦቹ የሚመገቧቸውን ነፍሳት አብሮ ይገድላል።

የመረቡ ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። አንድ መረብ የሚይዘው የዓሣ መጠን በዓይኑ ስፋት ይወሰናል። የዓይኑ ስፋት በቂ ሲሆን ያልደረሱ ዓሦች ያልፋሉ፤ ሲጠብ ግን ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልተራቡት ይያዛሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው ከአንድ ነጠላ ክር የሚሠራ ስስ መረብ ዋጋው ርካሽ፣ በውኃ ውስጥም የማይታይ በመሆኑ ዓሣ አብዝቶ ይይዛል። ይሁንና ቶሎ ይበጣጠሳል፤ የተቀደደውና የተጣለው ቁራጭም ሳይበሰብስ በውኃው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይቶ ያለ ባለቤት ዓሣና ወፍ ይገድላል።

ከማስገር ውጭ ያሉ ጫናዎች

የዓሣው መቀነስ ምክንያት አስጋሪው ብቻ አይደለም። ከተፋሰሱ የእርሻ መሬት በየክረምቱ ተጠርጎ የሚመጣው አፈር ወንዞችን ያደፈርሳል፤ በጠጠር ላይ የተጣለውን ዕንቁላልም ይሸፍናል። ዕንቁላል በደለል ሲሸፈን ኦክስጂን ስለማያገኝ ሳይፈለፈል ይቀራል። ለግንባታ የሚሆን አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ወለል ሲወጣም መራቢያው ቦታ ራሱ ይወሰዳል።

በሐይቁ ዳርቻ ያሉ ረግረጋማ ቦታዎች ለቆሮሶና ለአምባዛ መራቢያ፣ ለጫጩቶችም መጠለያ ናቸው። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት የሸሸርና የወላላ ረግረጎች በእርሻ መስፋፋት ከቀድሞ ይዞታቸው በእጅጉ ተሸራርፈዋል። የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ እየተከተለ የሚታረሰው ዳርቻ የደንገሉን ቦታ ይወስዳል። ደንገል ሲጠፋ የዓሣው መጠለያና የታንኳ ሠሪው ጥሬ ዕቃ አብረው ይጠፋሉ።

የውኃ ልማት ሥራዎችም ከዓሣው ሕይወት ጋር ይገናኛሉ። በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ውኃ መጠን ይቆጣጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ደግሞ ውኃውን በቀጥታ ከሐይቁ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ውኃ በእጅጉ ዝቅ ባለ ጊዜ የጀልባ ጉዞ እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር፤ የዳርቻው ደንገልም ደርቋል። በገባር ወንዞች ላይ የሚሠሩ የመስኖ ግድቦች፣ ለምሳሌ በርብና በመገጭ ላይ ያሉት፣ ለገበሬው አስፈላጊ ናቸው። ነገር ግን ለመራባት ሽቅብ የሚጓዘውን ዓሣ መንገድ ሊዘጉበት ስለሚችሉ ከዕቅዳቸው ጀምሮ የዓሣው መተላለፊያና ከግድቡ በታች ሊቀር የሚገባው የውኃ መጠን ሊታሰብበት ይገባል።

በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መኖሩ የተረጋገጠው የእምቦጭ አረም ተጨምሯል። አረሙ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ ፀሐይና አየር ወደ ውኃው እንዳይገባ ያደርጋል፤ የጀልባ መንገድ ይዘጋል፤ መረብም ያበላሻል። ቆሮሶ የሚራባው በዚሁ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ በመሆኑ አረሙ በዓሣው መራቢያ ላይ ይተኛል ማለት ነው። አረሙን የሚያፋፋው ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ንጥረ ነገር ስለሆነ ነቀላው ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም።

የሕግ ማዕቀፍ

በአገር አቀፍ ደረጃ የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው ዋና ሕግ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። አዋጁ የዓሣ ሀብት ብዝኃ ሕይወት እንዲጠበቅ፣ ከልክ ያለፈ ማስገር እንዲገታ፣ የዓሣ እርባታ እንዲስፋፋና ለንግድ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲይዝ ይደነግጋል። መርዝና ፈንጂ ተጠቅሞ ዓሣ መያዝን ይከለክላል፤ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎች የሚሠሩበትንም ሥርዓት ያስቀምጣል።

የአማራ ክልል በበኩሉ የዓሣ ሀብት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 92ን አውጥቶ ማስፈጸሚያ ደንብ ተከትሎታል። በክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው የባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ እንዲሁም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሐይቁን ዓሦች ሲያጠኑ ቆይተዋል።

ሕግ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ጣና ሰፊ ነው፤ ዳርቻው በብዙ ወረዳዎች መካከል የተከፋፈለ ነው፤ ዓሣ የሚወርድባቸው ቦታዎችም ብዙና የተበታተኑ ናቸው። በአንድ ወረዳ የተከለከለ መረብ በሌላው ወረዳ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የቁጥጥሩ ሥራ በወረዳዎች መካከል ተመሳሳይ መሆንና ከሁሉ በፊት አስጋሪውን ራሱን ባለቤት ማድረግ ይኖርበታል።

ዘላቂ አስተዳደር የሚጠይቃቸው እርምጃዎች

አንደኛ፣ የመራቢያ ወቅትና ቦታ ጥበቃ ቅድሚያ ይሰጠዋል። ዓመቱን ሙሉ ሐይቁን በሙሉ መቆጣጠር ከባድ ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ የግልገል ዓባይን፣ የጉማራን፣ የርብንና የመገጭን መግቢያዎች መጠበቅ ግን የሚቻል ነው። ቦታዎቹ የታወቁና የተወሰኑ ናቸው፤ ጊዜውም አጭር ነው። ካለው የቁጥጥር አቅም ብዙ ውጤት የሚገኘውም በዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ መረብ በመጠንና በዓይነት ይወሰናል። ያልደረሰ ዓሣ የሚይዝ ጠባብ መረብና ነጠላ ክር ያለው ስስ መረብ ከጀልባው ላይ ከመያዙ በፊት ከገበያ እንዲወጣ ማድረግ ይገባል። መረብ የሚገባበትና የሚሸጥበት ቦታ ካልተነካ በየጀልባው ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ማብቂያ አይኖረውም።

ሦስተኛ፣ የአስጋሪው ቁጥር በፈቃድ ይወሰናል። ሁሉም በፈለገው ጊዜ የሚገባበት ሐይቅ «እኔ ብተወው ሌላው ይይዘዋል» በሚል ስሌት ይራቆታል። ፈቃድ ያለውና ማኅበር የመሠረተ አስጋሪ ግን የዛሬው ጥበቃ የነገ ምርቱ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ለሕጉ ተባባሪ ይሆናል።

አራተኛ፣ መረጃ ያለማቋረጥ ይሰበሰባል። በየማረፊያው የወረደው ዓሣ በዓይነት፣ በክብደትና በርዝመት መመዝገብ አለበት። «የዓሣ ምርት አልቀነሰም» የሚል ሪፖርት ቆሮሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን በአንድ ድምር የያዘ ከሆነ የአንዱን መጥፋት በሌላው ብዛት ይሸፍነዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት የታየውም ይኸው ነው።

አምስተኛ፣ ከብዛት ይልቅ ዋጋ መጨመር ይደገፋል። ዓሣ ቶሎ የሚበላሽ ምርት ነው። በረዶ፣ ንጹሕ የማረፊያ ቦታና ጥላ ያለው መገፈፊያ ሲኖር ከተያዘው ውስጥ የሚጣለው ይቀንሳል፤ አስጋሪውም በትንሽ ዓሣ የተሻለ ገቢ ያገኛል። በእገዳው ወቅት ለሚቋረጠው ገቢ መተኪያ የሚሆን ሥራ ሳይዘጋጅ የሚታወጅ እገዳ ግን በተግባር አይጸናም።

ስድስተኛ፣ ባዕድ ዓሣ ወደ ተፋሰሱ እንዳይገባ ይከለከላል። በምሥራቅ አፍሪካ በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ የናይል ፐርች ከገባ በኋላ በዚያ ብቻ ይኖሩ ከነበሩ ትንንሽ ዓሦች እጅግ ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ጢስ ዓባይ ለዘመናት የጠበቀውን ሰው በአንድ ባልዲ ዓሣ ሊያፈርሰው ይችላል። በተፋሰሱ ውስጥ የሚሠራ የኩሬ እርባታም በዚሁ ምክንያት በአካባቢው ዝርያ ላይ ሊወሰን ይገባል።

የጎጃም ደጋ ድርሻ

ከጣና ርቆ በደጋ የሚኖረው ሕዝብ ከዚህ ሁሉ ጋር ያለው ግንኙነት በመጀመሪያ እይታ ላይታይ ይችላል። በእርግጥ ከደብረ ማርቆስ በላይ ካለው ከጮቄ ተራራ የሚነሡት እንደ ጨሞጋና ሙጋ ያሉ ወንዞች ዓባይን የሚቀላቀሉት ከሐይቁ በታች ስለሆነ ወደ ጣና አይገቡም። የግልገል ዓባይ ተፋሰስ ግን ከዚሁ የጎጃም ደጋ ነው። በሰከላና በሜጫ ወረዳዎች ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከን፣ በጅረት ዳር የሚተው የሣርና የዛፍ ቀበቶ፣ ከልቅ ግጦሽ የሚጠበቅ ኮረብታ ለገበሬው አፈሩን ሲያስቀርለት ለዓሣው ደግሞ የመራቢያውን ጠጠር ንጹሕ ያደርግለታል።

በሜጫ፣ በመርዓዊ አቅራቢያ፣ የግልገል ዓባይ ገባር በሆነው በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 7,000 ሄክታር መሬት ለማልማት የታቀደ ነው። የግድቡ ኩሬ ለአካባቢው ወጣቶች የዓሣ ማስገሪያም ሆኗል። እንዲህ ያሉ ኩሬዎች በአግባቡ ሲመሩ በሐይቁ ላይ ያለውን ጫና ሊያቃልሉ ይችላሉ። ለዚህም በኩሬው ውስጥ የሚለቀቀው ዓሣ ከዚያው ተፋሰስ የተገኘ መሆን አለበት።

ደብረ ማርቆስና በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች በሌላ በኩል ይመጣሉ። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ በዚህ ያልፋል። የከተማው ተመጋቢ ፍላጎት በሐይቁ ላይ የሚዘረጋውን መረብ ይወስናል። የዓሣ ፍላጎት በጾም ወራት ይጨምራል፤ ዓሣን በጾም የመመገብ ልማድ ከቦታ ቦታና ከሰው ሰው ቢለያይም ገበያው በዚያን ጊዜ እንደሚደምቅ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚውል መሆኑ ነው። ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጣውም በዚሁ ወር ነው። ፍላጎቱ ከፍ የሚልበት ጊዜና ዓሣው በቀላሉ የሚያዝበት ጊዜ ይገጣጠማሉ።

ስለዚህ ዓሣ የሚገዛ ቤተሰብ ወይም ምግብ ቤት በክረምት ወራት ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይችላል። አንደኛው ዕንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣን አለመግዛት ነው። ሁለተኛው ያልደረሰ ትንሽ ዓሣ ሲቀርብ ርካሽ ነው ብሎ አለመቀበል ነው። ገዢ ያጣ ዓሣን የሚያሰግር የለም፤ ይህም በሐይቁ ዳር ከሚቆመው ተቆጣጣሪ ያላነሰ ሥራ ይሠራል።

ማጠቃለያ

የጣና የዓሣ ሀብት ራሱን የሚተካ ሀብት ነው። ቆሮሶና አምባዛ በአግባቡ ከተያዙ ለብዙ ቤተሰቦች መተዳደሪያ ሆነው መቀጠል ይችላሉ። ነጭ ዓሣ ግን ዝግ ብሎ የሚያድግና በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ወንዝ ሲፈቅድለት፣ የሚራባ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተመናመነ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ በጣና ከጠፋ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም፤ ሌላ ቦታ የለምና።

ዝርያዎቹን ለማቆየት የሚያስፈልገው ነገር በአስጋሪው፣ በገበሬው፣ በግድብ ሠሪውና በተመጋቢው አቅም ውስጥ ያለ ነው። በክረምት የወንዞቹ መግቢያ ለዓሣው ከተተወ፣ በደጋው አፈሩ በቦታው ከቆየ፣ ያልደረሰውን የሚይዝ መረብም ከውኃው ከወጣ በቀሪው የዓመቱ ክፍል ሐይቁ ለአስጋሪዎች የሚበቃ ዓሣ ይሰጣል።